«ስንተኛ ነው?» ከማለት በፊት፦ የዩኒቨርሲቲዎች ደረጃ ምን ይለካል?

(በሬዲዮ ከቀረበው ንግግር ለንባብ የተሰናዳ)

ዛሬ የምንነጋገረው በየቤቱ አዘውትሮ ስለሚነሣ፣ ሲብራራ ግን ብዙም ስለማይሰማ ጉዳይ ነው። ዩኒቨርሲቲዎችን አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ እያሉ በተርታ የሚያስቀምጡት ሰንጠረዦች ምንድን ናቸው? ማን ያወጣቸዋል? ምን ያህልስ ይታመናሉ?

ለንግግራችን መነሻ የሆነን ከሲሬ አንድ አባት ያቀረቡልን ጥያቄ ነው። ልጃቸው የ12ኛ ክፍልን ፈተና አልሐምዱሊላህ አልፏል። የምርጫው ጊዜ ሲደርስ ግን ቤተሰቡ ለሁለት ተከፈለ። አጎት በአገሩ አንደኛ የተባለው ዩኒቨርሲቲ እያለ ሌላ መመረጥ የለበትም ይላሉ። አዳማ የሚኖር ዘመድ ደግሞ በስልኩ የአንድ የውጭ ዩኒቨርሲቲ ማስታወቂያ አምጥቶ በዓለም ደረጃ ውስጥ የገባ መሆኑን፣ የሚጠይቀውም «ትንሽ ገንዘብ» ብቻ መሆኑን ይናገራል። ትንሽ የተባለው ገንዘብ ለእኝህ አባት ሁለት በሬና የአንድ ዓመት ስንዴ ነው። የጥያቄያቸው ፍሬ ነገር ባጭሩ ይህ ነው፦ በቁጥሩ ተማምኜ በሬዬን ልሽጥ ወይስ አልሽጥ?

ጥያቄው ቀላል አይደለም። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተናን ከወሰዱት 896,520 ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ፣ ማለትም 3.3 በመቶ ነበሩ። በ2015 ከ845,188 ተማሪዎች ያለፉት 27,267 ሲሆኑ ይህም 3.2 በመቶ ነው። በ2016 ቁጥሩ ወደ 5.4 በመቶ ከፍ ብሏል። በአንድ የገጠር ትምህርት ቤት አንድ ልጅ ሲያልፍ የአንድ ቤት ሳይሆን የቀበሌው ሁሉ ደስታ የሚሆነው ለዚህ ነው። እንዲህ ተለቅሞ ያለፈ ልጅ የት ይግባ የሚለው በሰሙት ቁጥር ብቻ የሚወሰን ነገር ሊሆን አይገባም።

በመጀመሪያ ሊታወቅ የሚገባው ነገር «የዓለም ደረጃ» የሚባል አንድ ሰንጠረዥ አለመኖሩ ነው። ብዙ ናቸው፤ እርስ በርሳቸውም አይስማሙም። በአሜሪካ ዩኤስ ኒውስ የተባለው መጽሔት የአገሩን ኮሌጆች ደረጃ ማውጣት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1983 ነው። የዓለም አቀፉ ነገር የተስፋፋው ግን በ2003 የቻይናው የሻንጋይ ጂያኦ ቶንግ ዩኒቨርሲቲ ሰንጠረዡን ካወጣ በኋላ ነው። የቻይናዎቹ ሐሳብ ለእኛ ልጆች ኮሌጅ መምረጥ አልነበረም። የአገራቸው ዩኒቨርሲቲዎች በምርምር ከምዕራባውያኑ ምን ያህል ወደ ኋላ እንደቀሩ ለማወቅ ፈልገው ነው መለኪያውን ያበጁት። በዓመቱ፣ በ2004፣ የእንግሊዙ ታይምስ የከፍተኛ ትምህርት መጽሔት ኪውኤስ ከሚባል ድርጅት ጋር በጋራ የራሳቸውን አወጡ፤ ከ2009 በኋላ ተለያይተው ሁለቱም ለየብቻቸው ያወጣሉ። በዚያው በ2004 በስፔን የሚገኝ የምርምር ተቋም ዌቦሜትሪክስ የተባለውን ጀመረ። በአገራችን «በኢትዮጵያ አንደኛ» ሲባል ብዙ ጊዜ ምንጩ ይህ የመጨረሻው ነው።

እንግዲህ እያንዳንዱ በምን እንደሚመዝን እንመልከት። ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነውና ትንሽ ታገሡን።

ሻንጋይ ከመቶ 30 ነጥብ የሚሰጠው ለኖቤል ሽልማትና በሒሳብ ትምህርት ለሚሰጠው ለፊልድስ ሜዳልያ ነው፤ 10ሩ በዩኒቨርሲቲው ተምረው ለተሸለሙ፣ 20ው በዚያ ሲያስተምሩ ለተሸለሙ። ሌላ 20 ጽሑፎቻቸው በሌሎች ተመራማሪዎች እጅግ አብዝተው ለሚጠቀሱ ምሁራን ነው። ሌላ 20 ኔቸርና ሳይንስ በተባሉት ሁለት መጽሔቶች ለታተሙ ጥናቶች፣ ሌላ 20 በታወቁ መዛግብት ለተመዘገቡ ጥናታዊ ጽሑፎች ይሰጣል። የቀረው 10 ይህ ሁሉ ለመምህራኑ ቁጥር ሲካፈል የሚገኝ ነው። ልብ በሉ! መምህሩ ክፍል ገብቶ አስተማረ አላስተማረ፣ ተማሪው ገባው አልገባው፣ ከተመረቀ በኋላ ሥራ አገኘ አላገኘ የሚል አንድም ነጥብ የለበትም።

ኪውኤስ ደግሞ እስከ 2023 ድረስ ከመቶ 40ውን የሚሰጠው በዓለም ዙሪያ ያሉ ምሁራን «በእናንተ መስክ የትኞቹ ዩኒቨርሲቲዎች ጥሩ ናቸው?» ተብለው ለሚመልሱት መልስ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ወደ 30 ዝቅ አድርጎታል። ይህ እንግዲህ ዝና ነው። ዝና ዋጋ የለውም አንልም። ነገር ግን በቶኪዮ ወይም በለንደን የተቀመጠ ፕሮፌሰር አሰላ ውስጥ ስለሚሰጥ የጤና ትምህርት ምን ያውቃል? የሚያውቀውን ይጠቅሳል፤ የማያውቀው ዝቅ ይላል።

ዌቦሜትሪክስ በበኩሉ አብዝቶ የሚያየው ኢንተርኔትን ነው። የዩኒቨርሲቲው ድረ ገጽ በሌሎች ድረ ገጾች ምን ያህል ይጠቀሳል፣ የምሁራኑ ሥራ ምን ያህል በኢንተርኔት ይገኛል የሚለውን ይቆጥራል። የመመረቂያ ጽሑፎቹን አደራጅቶ በኢንተርኔት ያኖረ ዩኒቨርሲቲ ከፍ ይላል። ይህ የሚደገፍ ሥራ ነው፤ የአንዱ ልፋት ለሌላው እንዲደርስ ያደርጋል። ሆኖም ድረ ገጽ ያማረ ሁሉ ቤተ ሙከራው ያማረ አይደለም።

በሲሬ ገበያ በሬ የሚገዛን ሰው አስቡ። የሥጋ ነጋዴው የሚያየው ሥጋውን ነው፤ ጀርባውንና ጎኑን ይዳስሳል። ገበሬው ግን ትከሻውን፣ ሰኮናውን፣ ጥርሱን አይቶ ቀንበር ለምዷል ወይ ብሎ ይጠይቃል። ሁለቱም በሬዎቹን በደረጃ አስቀምጡ ቢባሉ አንዱ አንደኛ ያለውን ሌላው አራተኛ ሊለው ይችላል። ዐይናቸው አልተሳሳተም፤ የጠየቁት ጥያቄ ነው የተለያየው። ሰንጠረዦቹም እንዲሁ ናቸው፤ አብዛኞቹ ምርምርን የሚለኩ ናቸው። አባትየው የጠየቁት ግን ስለ ማስተማር ነው።

ከዚህ በተጨማሪ ሚዛኑ ራሱ ውጤቱን ይገለብጠዋል። ለምሳሌ ያህል ብቻ ሁለት ዩኒቨርሲቲዎች አሉ እንበል። የመጀመሪያው በማስተማር 80፣ በምርምር 40 አገኘ። ሁለተኛው በማስተማር 50፣ በምርምር 75 አገኘ። ሁለቱ ነገሮች እኩል ቢመዘኑ የመጀመሪያው አማካይ 60፣ የሁለተኛው 62.5 ይሆናል፤ ሁለተኛው በለጠ። ለማስተማር 60 በመቶ፣ ለምርምር 40 በመቶ ብንሰጥ ግን የመጀመሪያው 64፣ ሁለተኛው 60 ይሆናል። መምህራኑም ተማሪዎቹም እነዚያው ናቸው፤ አንድም ወንበር ከቦታው አልተነሣም፤ አንደኛው ግን ሁለተኛ ሆነ። ታዲያ 60ውን ማን ወሰነው? አዘጋጁ ድርጅት ነው። ለምን 60 ሆነ፣ ለምን 55 አልሆነም ቢባል የሒሳብ መልስ የለውም፤ ምርጫ ነው።

አሁን ደግሞ ወደ ትክክለኛነቱ እንምጣ። የሐዲስ ትምህርት የቀሩ ሁሉ የሚያውቁት ሥርዓት አለ። አንድ ዘገባ ሲቀርብላቸው ዑለሞቻችን ስለ ቃሉ ብቻ ሳይሆን ስለ ሰነዱም ይጠይቃሉ። ከማን ሰማህ? እርሱስ ከማን ሰማ? ተገናኝተዋል ወይ? ማስታወሱ እንዴት ነው? ለወገኑ የሚያደላ ነው ወይ? በዚህ መንገድ የሚሊዮኖች አንደበት የተቀባበለውን ወሬ ሳይቀር «ደካማ» ብለው ያስቀምጡታል። ይህን ልማድ ለዩኒቨርሲቲ ቁጥር የማንጠቀምበት ምክንያት የለም። የቁጥሩን ሰነድ ወደ ላይ ብንከተል ደግሞ ብዙ ጊዜ የምንደርሰው ወደ ራሱ ወደ ዩኒቨርሲቲው ነው። የመምህራኑን ቁጥር፣ የክፍሉን ስፋት፣ የውጭ ተማሪዎቹን ብዛት ሞልቶ የሚልከው እርሱ ነው። ባለጉዳዩም ምስክሩም አንድ ሆነ ማለት ነው።

ይህ በሐሜት የምንናገረው አይደለም። በኒው ዮርክ የሚገኘው ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ በዩኤስ ኒውስ ሰንጠረዥ በአሜሪካ ሁለተኛ ተብሎ ነበር። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2022 የዚያው ዩኒቨርሲቲ የሒሳብ ፕሮፌሰር ቁጥሮቹን አንድ በአንድ መርምሮ ብዙዎቹ ከእውነታው ጋር እንደማይገጥሙ ጽፎ አወጣ። የራሱን መሥሪያ ቤት ነው ያጋለጠው! ከ20 በታች ተማሪ ያላቸው ክፍሎች 82.5 በመቶ ናቸው ተብሎ የተላከው ሲታረም 57 በመቶ ገደማ ሆኖ ተገኘ። ዩኒቨርሲቲው በመስከረም ስሕተቱን አመነ፤ በዚያው ወር በወጣው ሰንጠረዥ ከ2ኛ ወደ 18ኛ ወረደ። በፊላደልፊያ የቴምፕል ዩኒቨርሲቲ የንግድ ትምህርት ቤት ዲን የነበረው ሰው ደግሞ ደረጃ ለማስጨመር የሐሰት መረጃ በመላኩ በ2021 ጥፋተኛ ተብሎ በ2022 የ14 ወር እስራት ተፈርዶበታል። የእርሱ ትምህርት ቤት በኢንተርኔት የሚሰጠው የማስተርስ ትምህርት ለተከታታይ ዓመታት አንደኛ ሲባል የነበረ ነው። በአንደኛነቱ ተስበው የከፈሉትን ተማሪዎች እናስብ።

በሙስሊሙ ዓለምም ትምህርት የሚሆኑ ጉዳዮች አሉ። በ2010 የታይምስ ሰንጠረዥ ሲወጣ የግብጹ እስክንድርያ ዩኒቨርሲቲ ከዓለም 147ኛ ሆኖ ተገኘ፤ በዐረብ አገሮች ካሉት ሁሉ የቀደመ ነበር። በጥናት ተጠቃሽነት ብቻ ሲታይማ ከዓለም 4ኛ ተባለ። ግብጻውያን ደስ ቢላቸው አይፈረድባቸውም። ሲጣራ ግን ቁጥሩን ወደ ላይ የሰቀለው በአብዛኛው የአንድ ምሁር ሥራ ነበር። ምሁሩ ራሱ አዘጋጅ በነበረበት መጽሔት ከ300 በላይ የራሱን ጽሑፎች አውጥቷል፤ ጽሑፎቹም እርስ በርስ በብዛት ይጠቃቀሱ ነበር። የሰንጠረዡ አዘጋጆች በቀጣዩ ዓመት ስሌታቸውን ለመቀየር ተገደዱ። በእስክንድርያ የሚማሩት በሺህ የሚቆጠሩ ወጣቶች ግን በዚያ ዓመት ከቀድሞው የተለየ ትምህርት አላገኙም፤ ቁጥሩ ሲወጣም ሲወርድም ክፍላቸው ያው ክፍል ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ የሳዑዲ ነው። በ2011 ሳይንስ የተባለው መጽሔት እንደዘገበው በጂዳ የሚገኘው የንጉሥ ዐብዱልዐዚዝ ዩኒቨርሲቲ ጽሑፎቻቸው አብዝተው የሚጠቀሱ የውጭ ምሁራንን በዓመት ለጥቂት ሳምንታት ብቻ እንዲመጡ፣ ነገር ግን ስማቸው ከዩኒቨርሲቲው ጋር እንዲመዘገብ በጥሩ ክፍያ ይቀጥር ነበር። ዩኒቨርሲቲው የምርምር አቅሜን ለመገንባት ነው ብሏል፤ ከምሁራኑም ከእርሱ ጋር በእርግጥ የሠሩ አሉ። ነገር ግን ቀደም ብለን እንዳየነው ሻንጋይ ለእንዲህ ያሉ ምሁራን ብቻ 20 ነጥብ ይሰጣልና የስም ምዝገባው ደረጃን የሚጨምር መሆኑ ግልጽ ነው። የእኛ ወገን ስለሆነ ብለን ብናልፈው መለኪያችን መለኪያ አይሆንም።

በዚህ የተሰላቹ ዩኒቨርሲቲዎች ከውድድሩ እየወጡ ነው። በ2020 ሰባት የሕንድ የቴክኖሎጂ ተቋማት በታይምስ ሰንጠረዥ አንሳተፍም አሉ። በ2023 የኔዘርላንዱ ዩትሬክት፣ በ2024 የስዊዘርላንዱ ዙሪክ ዩኒቨርሲቲ ተከተሉ። እነዚህ ወደ ኋላ ስለቀሩ ያኮረፉ አይደሉም፤ በዓለም የታወቁ ናቸው።

ታዲያ ሰንጠረዦቹ ጨርሶ አይጠቅሙም ወይ? እንዲህ የሚሉ አሉ፤ እኔ በዚህ አልስማማም። ማስተርሱን ወይም ዶክትሬቱን በምርምር ሊሠራ ለሚፈልግ ወጣት የዩኒቨርሲቲው የምርምር ደረጃ፣ በተለይ በመስኩ ተለይቶ የወጣው፣ ጥሩ ፍንጭ ነው። ሌላም አለ፤ መንግሥታት ይጠቀሙበታል። እንግሊዝ በ2022 የጀመረችው አንድ የቪዛ ዓይነት የተፈቀደው በሰንጠረዦቹ ላይ ከ50ዎቹ ውስጥ ከገቡ ዩኒቨርሲቲዎች ለተመረቁ ብቻ ነበር። በዚያ ዝርዝር ውስጥ አንድም የአፍሪካ ዩኒቨርሲቲ አልነበረም። ቁጥሩ ትክክል ሆነም አልሆነም እንዲህ ያለ በር ይከፍታል፣ ይዘጋልም። እንደሌለ ቆጥሮ ማለፍ አይቻልም።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በአብዛኞቹ ሰንጠረዦች ከኢትዮጵያ ቀዳሚ ሆኖ ቢገኝ የሚያስገርም አይደለም። የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1950 ነው፤ ለረጅም ዘመን የአገሪቱ የድኅረ ምረቃ ትምህርትና ምርምር በአብዛኛው የተካሄደው በእርሱ ነው። የአርሲ ዩኒቨርሲቲ በአንጻሩ ራሱን ችሎ የቆመው በ2014 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት የአሰላው የጤናና የግብርና ትምህርት በአዳማ ዩኒቨርሲቲ ሥር ነበር። የጥናት ብዛትና ተጠቃሽነት በዓመታት የሚጠራቀም ሀብት ነው፤ ዕድሜም ነጥብ ሆኖ ይቆጠራል። ትናንት የተተከለን ዛፍ ከስድሳ ዓመት ዋርካ ጋር በጥላው ስፋት ማወዳደር ስለ ዛፉ ጤንነት የሚነግረን ነገር ጥቂት ነው።

መንግሥትም እ.ኤ.አ. ከ2020 ወዲህ ዩኒቨርሲቲዎቹን በተልእኮ ለይቷል። አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ሐረማያ፣ ጎንደር፣ ባሕር ዳር፣ መቀሌ፣ ሐዋሳና አርባ ምንጭ የምርምር ዩኒቨርሲቲ ተባሉ፤ ሌሎቹ የተግባር ሳይንስና አጠቃላይ ተብለው ተመደቡ። አዳማና የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ደግሞ ለብቻቸው ናቸው። ይህ የሥራ ክፍፍል እንጂ የማዕርግ ቅደም ተከተል አይደለም። በየመንደሩ ግን «አንደኛ ደረጃ»፣ «ሁለተኛ ደረጃ» ተብሎ ሲተረጎም እንሰማለን። ሰው ቁጥር ካላገኘ ራሱ ቁጥር ይፈጥራል መሰለኝ።

በእኔ አስተያየት ለአንድ ቤተሰብ ከዓለም ሰንጠረዦች ሁሉ ይበልጥ የሚጠቅመው በ2015 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ በሁሉም የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂዎች ላይ የተጀመረው አገር አቀፍ የመውጫ ፈተና ነው። በዚያ ዓመት ከተፈተኑት ሁሉ ያለፉት 40 በመቶ ገደማ ነበሩ። ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች 62 በመቶ ገደማ ሲያልፉ ከግል ተቋማት ያለፉት 17 በመቶ ገደማ ብቻ ናቸው። ይህን ያላለፈ ተማሪ ዲግሪ አይሰጠውም። ከመቶ ከፋይ ቤተሰብ ሰማንያ ያህሉ ለሦስትና ለአራት ዓመት ከከፈሉ በኋላ በዚያ ዓመት ልጃቸው ዲግሪ ሳይዝ ቀረ ማለት ነው። ፈተናው በድጋሚ የሚወሰድ መሆኑ እውነት ነው፤ ሆኖም ይህን ቁጥር በግድግዳው የለጠፈ ኮሌጅ ስንቱ ነው? «የላቀ ጥራት» የሚለውን ግን ሁሉም ለጥፎታል።

ይህም ቢሆን ጉድለት አለው። ጠንካራ ተማሪዎችን የሚቀበል ተቋም ብዙ ቢያሳልፍ ምስጋናው ሁሉ የመምህራኑ አይደለም፤ ተማሪዎቹ ሲገቡም ጎበዞች ነበሩ። ደካማ የተባሉትን ተቀብሎ ግማሹን ያሳለፈ ተቋም ይበልጥ ሠርቶ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የጠቅላላ ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን ልጁ ሊማር የፈለገበት ትምህርት ክፍል ለብቻው ስንቱን እንዳስፈተነና ስንቱን እንዳሳለፈ መጠየቅ ይሻላል። ከአሥር ተፈታኝ ዘጠኙን ማሳለፍና ከሁለት መቶ ዘጠና በመቶውን ማሳለፍ አንድ አይደሉም።

ይህ የትምህርት ክፍል ነገር ለእኛ እንግዳ ሊሆን አይገባም ነበር። የወሎን የደረሳ ሥርዓት የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ከአርሲ፣ ከባሌና ከሐረርጌ ሳይቀር ዒልም ፍለጋ የሄዱ አባቶች ነበሩ። ደረሳው አንድ «ምርጥ መድረሳ» መርጦ እስከ መጨረሻው እዚያ አይቀመጥም። ነሕው ለመቅራት በነሕው ወደታወቁት ሸይኽ፣ ፊቅህ ለመቅራት በፊቅህ ወደታወቁት ይሄዳል። ሲመለስም የሚጠየቀው ማን ዘንድ ምን ቀራህ ተብሎ ነው። የቦታው ስም ሳይሆን የመምህሩና የኪታቡ ስም ነበር ማስረጃው። በደረጃ ቢቀመጡ የትኛው ሐሪማ አንደኛ ይሆናል ብሎ የጠየቀ አልነበረም፤ ጥያቄው ትርጉም አይሰጥማ! ዩኒቨርሲቲም ውስጡ ሲታይ እንደዚያው ነው። በሕክምና የበረታ በምሕንድስና ሊደክም ይችላል። አንድ ቁጥር ሁለቱን ሲቀላቅል ሁለቱንም ይሸፍናቸዋል።

ደግሞም ከነጭራሹ የማይቆጠር ጥቅም አለ። ስንዴ የሚዘራ የአርሲ ገበሬ ሁሉ ቁሉምሳን ያውቃል። የቁሉምሳ የግብርና ምርምር ማዕከል በአሰላ አቅራቢያ ነው፤ አካባቢው በ1967 እ.ኤ.አ. በስዊድን እርዳታ የጀመረው የጭላሎ ግብርና ልማት ድርጅት፣ ካዱ የሚባለው፣ የሠራበት ነው። ቁብሳ፣ ዲገሉ፣ ደንደአ የሚባሉትን የስንዴ ዝርያዎች ስም ከዩኒቨርሲቲ ስሞች ይልቅ የሲሬ ልጆች ይበልጥ ያውቋቸዋል። በ2006 ዓ.ም. ከባሌ ጀምሮ አዲስ የግንድ ዋግ ተነሥቶ ዲገሉን ሲመታው የገበሬው ጥያቄ ዋግ የሚቋቋም ሌላ ዘር ከየት ይምጣ የሚል ነበር። ቁሉምሳ የምርምር ማዕከል እንጂ ዩኒቨርሲቲ አይደለምና በሰንጠረዦቹ ውስጥ የለም። ነገር ግን ዩኒቨርሲቲዎቻችንም የሚሠሩት ይህን መሰል ሥራ ብዙ ነው። ስለ ዋጉ በእንግሊዝኛ የተጻፈው ጥናት ይቆጠራል፤ ዘሩን ገበሬው ማሳ ላይ ለማድረስ የተሄደው መንገድ አይቆጠርም። በጥናቱ ላይ ክፋት የለም፤ ያለ ጥናቱ ዘሩም አይገኝም። የምንለው፣ ከሁለቱ አንዱን ብቻ የሚያይ መለኪያ ግማሹን አልለካም ነው።

እንግዲህ ቤተሰብ ምን ይጠይቅ? የልጁ ምርጫ የጤና ትምህርት ከሆነ የመጀመሪያው ጥያቄ ተማሪው ልምምድ የሚያደርገው በየትኛው ሆስፒታል ነው የሚል ነው። ለምሳሌ የአርሲ ዩኒቨርሲቲ የጤና ተማሪዎች በአሰላ ሪፈራል ሆስፒታል ብዙ ዓይነት በሽተኛ ያያሉ፤ ይህን በሰንጠረዥ አታገኙትም። ምሕንድስና ከሆነ ቤተ ሙከራው የሚሠራ ነው ወይስ ተቆልፎ የሚጎበኝ? በትምህርት ክፍሉ ሦስተኛና አራተኛ ዓመት የደረሰ የአካባቢያችሁን ልጅ ፈልጋችሁ ጠይቁ፤ መምህር ይገባል ወይ፣ መጽሐፍ አለ ወይ፣ ውኃና መብራት እንዴት ነው፣ ግቢው ሰላም ነው ወይ። ሴት ልጅ ከሆነች ስለ ማደሪያውና ስለ መንገዱ ከእዚያ ግቢ ሴት ተማሪ መስማት ይሻላል፤ ወንድ ልጅ ይህን አያየውም። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ትምህርት ክፍል የሚለየው ከመጀመሪያው ዓመት በኋላ በውጤት ስለሆነም ልጁ ያሰበው ክፍል በዚያ ዩኒቨርሲቲ መኖሩን አስቀድማችሁ አረጋግጡ። በስሙ ተመርጦ ተገብቶ የፈለጉት ትምህርት የሌለበት ሆኖ ሲገኝ ያለው ጸጸት ቀላል አይደለም።

ወደ ግል ኮሌጅ ከሆነ ደረጃን እርሱት፤ ጥያቄው ዕውቅና ነው። ዕውቅና የሚሰጠው የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ሲሆን የሚሰጠውም ለኮሌጁ ስም በጅምላ ሳይሆን ለእያንዳንዱ ካምፓስና ለእያንዳንዱ የትምህርት ዓይነት ነው። በአዲስ አበባ ለአካውንቲንግ የተፈቀደለት ኮሌጅ አሰላ ላይ ነርሲንግ ለማስተማር ተፈቅዶለታል ማለት አይደለም። ፈቃዱን በስም፣ በቦታና በትምህርት ዓይነት ለይታችሁ ከባለሥልጣኑ አረጋግጡ። ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ወረቀት አይበቃም፤ ቀኑ አልፎበት ሊሆን ይችላል።

ወደ ውጭ አገር የሚጋብዝ ደላላ ሲመጣ ደግሞ «በዓለም ደረጃ ውስጥ የገባ» ለሚለው ቃል አራት ጥያቄ መልሱለት። በየትኛው ሰንጠረዥ? በየትኛው ዓመት? በጠቅላላ ነው ወይስ በአንድ ትምህርት ዓይነት? ቁጥሩ ራሱ ስንት ነው? የኪውኤስ የ2025 ሰንጠረዥ ከ1,500 በላይ፣ የታይምሱ ደግሞ ከ2,000 በላይ ተቋማትን ይዟል። «ውስጥ ገባ» ማለት 1,400ኛ ነው ማለትም ሊሆን ይችላል። ከዚህም በላይ ዝቅ ያሉት በቡድን ነው የሚቀመጡት፤ 401–500 የተባለ ዩኒቨርሲቲ 401ኛ ብሎ ራሱን ቢያስተዋውቅ አትመኑት፤ 500ኛም ሊሆን ይችላል። ኮከብ የተለጠፈበት ማስታወቂያ ካያችሁ ደግሞ ኮከብና ደረጃ የተለያዩ መሆናቸውን እወቁ። ኪውኤስ ስታርስ የሚባለው ዩኒቨርሲቲው ራሱ ከፍሎ የሚመዘንበት ነው። በመጨረሻም ዲግሪው በአገራችን ተቀባይነት ያለው መሆኑን ከዚያው ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ጠይቁ። ይህ ሁሉ ተጣርቶ መልስ ከመገኘቱ በፊት ቅድሚያ ክፍያ ተብሎ አንድ ብር እንዳይሰጥ፤ በሬውም ከቤት እንዳይወጣ።